ሱፉን የሰፉት ጋሽ ጥላዬ አይደሉም

አይ፣ ቆዩ! ሱፉን የሰፉት ጋሽ ጥላዬ ናቸው ያለው ማነው? አንተ ነህ? አይተሃል? እዚያ ቆመህ ነበር? አልነበርክም። እንግዲያው ዝም በልና አዳምጥ፤ እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ጥላዬ ሞቱ። እሱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የሞላሌ ሞተረኛ አንድ ሳይቀር ቀብራቸው ላይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን ንፍሮ ስንቆረጥም ሽመልስ፣ ያው እንደኔ ሞተር የሚነዳው፣ አፉን ከፈተ።

«ነፍሳቸውን ይማርና ደግ ሰው ነበሩ» አለ። «በሙያቸው ግን… ያቺን የሱፏን ነገር ታስታውሳላችሁ?»

ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። ሐዘንተኛው ሳይቀር ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሳቀ። «ራሳቸው ሱፍ ጠቅጥቀውበት ሞተሯ ዜሮ አልገባ ስትል ሦስት ጊዜ ዘይት ቀየሩ እኮ!» አለ ሽመልስ። አሁንም ሳቁ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ! ከሞላሌ እስከ ቀየት ንፋሱ ያርፋል፣ የኔ አፍ አያርፍም፤ ያን ቀን ግን ንፍሮዬን አፌ ውስጥ ይዤ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩት ስለማላውቅ አይደለም። ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ እኔን እወቁኝ። ሙሉጌታ እባላለሁ፣ ሙሌ በሉኝ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተጣላን፣ እስካሁን አስታራቂ አልተገኘም። ይሄንንም የምጽፈው በስልኬ ነው፤ ፊደል ከተበላሸ ስልኩን ስደቡ። ሞተር ላይ ግን እኔን የሚያክል በመንዝ የለም። ከኋላዬ ተቀምጦ ያልጸለየ ሰው አታገኙም። አንድ ጊዜ አንድ ቄስ ከሞላሌ ቀየት አድርሻቸው ሲወርዱ «ልጄ፣ የዓመቱን ጸሎት ዛሬ ጨረስኩት» ብለውኛል። ይሄ ሙያ ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል?

ጋሽ ጥላዬ ከገበያው ጀርባ በቆርቆሮ የተሠራች ቤት ነበረቻቸው። ጋራዥ ትባላለች እንጂ ሁለት ሞተር ከገባ ባለቤቶቹ ውጭ ነው የሚቆሙ። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ አሉ። ከዚያ ምን እንዳገኛቸው እሳቸውም አያውቁ፣ ቅኔውን ትተው ብሎን ያዙ። ካቻቪቴያቸው ሁልጊዜ ከጆሯቸው ጀርባ ነው። የለበሷት ኮት ደግሞ አንድም የኮት ቁልፍ የላትም፤ በተበጠሰ የፍሬን ካቦ ሽቦ ጥምዝ አድርገው ነው የሚያስሯት። ይቺን ኮት ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ሞተርህ ተበላሽታ ይዘሃት ስትገባ ሞተሯን አያዩም። አንተን ነው የሚያዩ። በርጩማ ይሰጡህና ፊትህን ወደ ግድግዳው ያዞሩሃል።

«ተናዘዝ» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ማርሽ ከበደኝ።»

«እሱ የሷ ነው። ያንተን ተናገር።»

መቼ ዘይት ቀየርክ፣ የት ወደቅክ፣ ለማን አዋስካት፣ ጭነት ምን ጫንክባት… ሁሉን ትዘረግፋለህ። ስትጨርስ «ሌላስ?» ይላሉ። ሌላ የለም ትላለህ። «ሌላስ?» ይላሉ እንደገና፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። ሦስተኛዋን «ሌላስ» የሚችል ሰው አልተወለደም። አንዱ እሷ ላይ ሲደርስ የጎረቤቱን በግ ገጭቶ መሮጡን ተናዘዘ። ስለ በግ የጠየቀው ሰው አልነበረም እኮ! የመጣው መብራት አልበራ ብሎት ነው።

«ሞተር ምን ታውቃለች» ይሉ ነበር። «ያደረጓትን ነው የምትሆን። እኔ የምጠግነው ባለቤቱን ነው።»

አንድ አስተማሪ ነበር፣ አዲስ የተመደበ። ሞተሩ ዜሮ አልገባ አለችው። ዜሮ ማለት፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ሞተሯ እየሠራች ማርሽ ሳትይዝ ዝም ብላ የምትቆምበት ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ መሃል ያለች ቀጭን ቦታ ናት። ስትገኝ ከመሪው ላይ አረንጓዴ መብራት ትበራለች። አስተማሪው በእግሩ ከፍ ሲያደርግ ሁለተኛ፣ ዝቅ ሲያደርግ አንደኛ፤ ዜሮዋ የለችም። ሌላ ከተማ ወስዶ ሆዷን አስከፍቶ አሰፍቶ ተመልሷል። ጋሽ ጥላዬ በርጩማው ላይ አስቀምጠውት አናዘዙት፣ ከዚያ እግሩን አዩ። የጭቃ ቦት አድርጓል፣ ያ ወፍራሙ የላስቲክ።

«ጫማህን አውልቅ።»

«እንዴ ጋሽ ጥላዬ፣ በዚህ ብርድ?»

«አውልቅ ነው የምልህ፣ የኔታ።»

አወለቀ። በካልሲ ጣቱ ጫፍ ነካ ሲያደርጋት፣ ጠቅ! አረንጓዴ። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይሄ ቦት ለጭቃ ነው» አሉት። «አንተ ሙሉ እርምጃ ትረግጣለህ፤ ዜሮ ያለችው በግማሽ እርምጃ ነው። ረግጠሃት ታልፋለህ፣ ከዚያ ጠፋች ትላለህ።»

እንዲህ ናቸው። ጠዋት ጠዋት እዚህ አገር ዘይቱ እንደ ጮማ ረግቶ የፍሪሲዮኑ ሸራ እርስ በርሱ ሲጣበቅ፣ ፍሪሲዮኑን፣ ማርሽ ሊቀየር በግራ እጅ የሚጨበጠውን፣ ጨብጠን ሞተሯን ወደፊት ወደኋላ እንድንገፋ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ሙሉ በሙሉ ሳትቆም፣ ገና እየተንከባለለች ሳለች ዜሮ አስገባት ያሉን እሳቸው ናቸው። ሽመልስም ከሳቸው ነው የተማረው። አሁን ንፍሯቸውን እየበላ ይስቃል!

እሺ፣ ወደ ሱፉ።

ስንዱን ያገኘኋት ከሞላሌ ገበያ ወደ ቤቷ ስመልሳት ነው። የሱፍ ፈትል ልትሸጥ ነበር የመጣች። ቤታቸው ከቀየት ወዲህ ነው፣ ከመንገዱ በታች። አባቷ አቶ ግዛው ባና፣ ያን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ይሠራሉ፤ እሷ ትፈትላለች፣ እሳቸው ይሸምናሉ። እንግዲህ አንድ ሁለት ገበያ ተመላለስን። በሦስተኛው ገበያ ግራ እጄን አየችው። ብርዱ ሰንጥቆት ደም አውጥቷል።

«ይሄ እጅ ነው ወይስ የታረሰ መሬት?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ አንድ ነገር ከነጠላዋ ስር አውጥታ ሰጠችኝ። ከባና ቁራጭ የሰፋችው እጅጌ ነው፣ ውስጡ ሱፍ የተጠቀጠቀ። መሪው ላይ ይለበስና እጅ በሱ ውስጥ ይገባል። ጠርዙን በራሷ ፈትል ቀይ ጥልፍ አድርጋበታለች። አንድ ብቻ ነው፣ የግራው።

«የቀኙስ?» አልኳት።

«የቀኙ ከሰርግ በኋላ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በብርድ ላይ እስቅ ጀመር። ምን ዋጋ አለው፣ ከዚያው ቀን ጀምሮ ሞተሬ ዜሮ አልገባ አለች። ግጥምጥሞሹን ያየ ሞኝ እንኳ ይነቃ ነበር፤ እኔ አልነቃሁም። እንዴት ልንቃ? አእምሮዬ የቀኙ ላይ ነበር። ሰው ላወርድ ስቆም ሞተሯ ታጉረመርማለች፣ ወደፊት ትጎትታለች፣ በእግሬ ብረግጥ ብረግጥ ዜሮ የለችም። በየመውረጃው አጠፋታለሁ። ተሳፋሪው ይስቃል።

ወደ ጋሽ ጥላዬ ሄድኩ። ግን አስቡት፣ ጋራዡ ውስጥ ያ ሁሉ ሞተረኛ ተቀምጦ ቀይ ጥልፍ ያለው እጅጌ አድርጌ ልግባ? ደግሞስ ማን ሰፋልህ ቢሉኝ? የሰው ልጅ ስም ነው። ሽማግሌ ሳይላክ ልጅቷ ለወንድ ስጦታ ሰፋች ከተባለ አባቷ ዘንድ አለቀላት። ስለዚህ ገበያው ጫፍ ላይ አቆምና እጅጌውን አውልቄ ብብቴ ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ እገባለሁ።

ጋሽ ጥላዬ ይጨብጧታል፣ ነካ ያደርጓታል፣ ጠቅ! አረንጓዴ። ደግመው፣ ጠቅ! አረንጓዴ።

«ምንም የላትም እኮ» ይላሉ።

«መንገድ ላይ ነው ጋሼ የምትበላሽ።»

«አንተን ጠልታ ነው?»

የፍሪሲዮን ካቦዋን አስተካከሉ። ሚኒሞዋን፣ ቆማ የምትሽከረከርበትን፣ ቀነሱ። ዘይት ቀየሩ። እጅጌዬን አልብሼ ስወጣ ያው ናት። ተመለስኩ፤ ሌላ ዘይት። ተመለስኩ፤ አሁንም ሌላ ዘይት። ሦስተኛው ላይ በርጩማው ላይ አስቀመጡኝ።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም ጋሼ።»

«ሌላስ?» ደረቴን አዩት። «ይሄ ምን ሆነህ ነው ያበጠ?»

«ብርድ ነው፣ መታኝ።»

«በአንድ ወገን ብቻ?»

«ሞተር ላይ ንፋሱ በግራ ነው የሚመጣ።»

ሦስተኛዋን «ሌላስ» አሉ። እኔ ቻልኳት! በሞላሌ ታሪክ እሷን የቻልኩ እኔ ብቻ ነኝ። አየት አደረጉኝና ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ካቻቪቴዋን ወደ ጆሯቸው መለሱ። «እንግዲህ አንድ ቀን ይወጣል» አሉ።

ወጣ። በየት በኩል እንደወጣ ልንገራችሁ።

ሽማግሌ ላክሁ። አንድ ቄስ፣ የእድራችን ዳኛ፣ ሦስተኛው ጋሽ ጥላዬ። በኛ ዘንድ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምን። የልጅቷ አባት «ቁጭ በሉ» ካለ ነገሩ ገባ ማለት ነው፤ ካላለ በመጣህበት ትመለሳለህ። ጠያቂው ልጅ ደግሞ በዚያ ደጅ አይታይም፤ ነውር ነው። እኔ ግን ሦስቱንም በየተራ በሞተር ማድረስ አለብኝ፣ የጋሽ ጥላዬ ጉልበት ያን ቁልቁለት አይችልም። አድርሼ ከላይ መንገዱ ላይ ልደበቅ ነው ሐሳቤ።

ሁለቱን አደረስኩ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ። ለጋሽ ጥላዬ ስመለስ ረፈደ፣ ብርዱ ደግሞ የዚያን ቀን የጓሳን ተራራ ተሸክሞ ነው የመጣው። ቸኩዬ እጅጌውን ማውለቅ ረሳሁ። እሳቸው ከኋላዬ ተጠቅልለው ስለተቀመጡ የፊቱን አያዩም። አጥሩ ጋ ስንደርስ አቆምኩ፣ በእግሬ ነካ አደረግኋት፣ ፀሐይ መብራቷ ላይ አንጸባርቃ አረንጓዴ መሰለችኝ። ዜሮ ገባች ብዬ ጋሽ ጥላዬን ደግፌ ላወርድ ከፊት ዘልዬ ወረድኩና ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ።

ዜሮ አልገባችም። አንደኛ ላይ ናት።

ሞተሯ ዘለለች። ጋሽ ጥላዬ እንዳይወድቁ የያዙት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የቀኙን መሪ። የቀኙ መሪ ደግሞ ነዳጅ ነው! ቁልቁለት፣ አንደኛ ማርሽ፣ ሙሉ ነዳጅ። የእሾሁን አጥር ጥሰው፣ በቄሱና በእድሩ ዳኛ መሃል አልፈው፣ ጋቢያቸው እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ የገብስ ጭዱ ክምር ውስጥ ገቡ። ሲገቡ «እግዚኦ!» ያሉት ተሰማ፤ የቀረውን ጭዱ ዋጠው። ሞተሯ ጠፋች።

አቶ ግዛው ከቤት ወጡ። እኔ፣ መታየት የሌለብኝ፣ ከኋላቸው ሮጬ ግቢው መሃል ቆሜያለሁ።

ሰው ተጋግዞ ሞተሯን ሲጎትት መጀመሪያ የወጣው መሪው ነው። ግራው። ከነእጅጌው። አቶ ግዛው ጎንበስ አሉና ቀዩን ጥልፍ በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ አሹት። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸመኑት የልጃቸውን ፈትል ነው። ከበሩ ጀርባ የስንዱ ነጠላ ጫፍ ይታየኛል፤ አልተነቃነቀም።

«ይሄ ፈትል ከየት መጣ?» አሉ።

እኔ፣ አፌ የማያርፈው፣ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የፍሪሲዮን ሸራ በብርድ እንደሚጣበቀው።

«የኔ ነው!» የሚል ድምፅ ከጭዱ ውስጥ ወጣ።

ጋሽ ጥላዬ ጭድ እየተፉ ብቅ አሉ። እጅጌውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ የፍሪሲዮን መያዣውን አዩት። በዚያች በአንዲት እይታ ሁሉን አነበቡት። የተጠቀጠቀው ሱፍ ከመሪውና ከመያዣው መሃል ገብቷል፤ ብትጨብጠው እስከ ግማሽ ነው የሚመጣ። ፍሪሲዮኑ ግማሹን ይዞ እየቀረ ማርሹ እንዴት ዜሮ ይገባል? ላነሳቸው እጄን ስዘረጋ ጆሮዬ ስር ተጠጉና «ሦስት ጊዜ ዘይት ያስቀየርከኝ ለዚህ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ጮክ ብለው፦

«የኔ ነው አቶ ግዛው። ፈትሉን ከገበያ ገዝቼ እኔው ሰፋሁት። የልጁ እጅ ተሰንጥቆ ባይ አሳዘነኝ። ሞተሯ አልቆም ያለችውም በዚሁ ነው፣ ሱፍ ጠቅጥቄ ፍሪሲዮኗን ያነቅኋት እኔ ነኝ። መካኒክ ተብዬ! ልጁ ምንም ጥፋት የለበት።»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። የእድሩ ዳኛ አፉን በጋቢው ሸፈነ፤ ወሬውን ሞላሌ ያደረሰው እሱ ነው፣ አልቀየመውም፣ የሰማውን ነው የተናገረ።

«እርስዎ መርፌ ይይዛሉ?» አሉ አቶ ግዛው።

«ካቻቪቴ የያዘ እጅ መርፌ ያቅተዋል?»

አቶ ግዛው ከጋቢው ስር የጋሽ ጥላዬን ኮት አዩት። ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ «እሺ» አሉ። «ይሄ ልጅ ልጄን በዚህች ላይ አስቀምጦ ነው የሚወስዳት? አጥር ጥሳ በምትገባ? እስቲ ያቁሟት። እየሠራች፣ ማንም ሳይነካት፣ ደጄ ላይ ትቁም።»

ጋሽ ጥላዬ የበግ መሸለቻ መቀስ አስመጡ። ጥልፉን አልነኩም። በእጅ ጀርባ በኩል ያለውን አልነኩም። ከመያዣው ስር ያለውን ሱፍ ብቻ ቀስ ብለው ሸለቱት። ሲሸልቱ እንደ ነፍስ አባት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደኔ ሳይዞሩ «ሌላስ?» አሉኝ።

«ሌላ የለም ጋሼ» አልኩ። ያን ቀን እውነቴን ነበር።

አስነሷት። ጨበጡ፣ መያዣው መሪው ድረስ መጣ። በጫማቸው ጫፍ ነካ። ጠቅ! አረንጓዴ። ግራ እጃቸውን ለቀቁ። ቀኛቸውን ለቀቁ። ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ፣ ጭዱ ከፀጉራቸው ላይ እየረገፈ። ሞተሯ እንደጠገበች ድመት እያንኮራፋች ቆመች። ሁላችንም አየናት። አቶ ግዛው ዞሯት አንዴ።

«ቁጭ በሉ» አሉ።

ተጋባን። የቀኙም ተሰፋ፣ እንደተባለው። ከሞላሌ እስከ ቀየት ያለ ሞተረኛ ሁሉ አሁን የሚያደርገው ከስሩ የተሸለተ እጅጌ ከዚያ ነው የመጣ። ጋሽ ጥላዬ ግን «ሱፍ የጠቀጠቀው መካኒክ» ተብለው ቀሩ። ሰው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ «ጋሽ ጥላዬ፣ ዛሬ ምን እየሰፉ ነው?» ይላቸዋል። እሳቸው እኔን አየት ያደርጉና «ለአንተ አፍ ክዳን» ይላሉ። አንድም ቀን ምስጢሬን አላወጡም። እኔም አላወጣሁም። አማቴ ከሰሙ ስንዱን ይቀየማሉ ብዬ ፈራሁ። ፈራሁ፣ አዎ፤ ጻፍኩት።

ከድንኳኑ የወጣን ቀን አማቴን በሞተር ወደ ቤታቸው መለስኳቸው። መንገድ ላይ የሽመልስ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ አልወጣ አለኝ። አቆምኩ። ጠቅ፣ አረንጓዴ።

«አባባ፣ ያ ሱፍ እኮ…» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ምን ያውቃሉ?»

«የልጄን ስፌት አላውቅም? ደግሞስ ኮቱን አላየህም? ኮቱን በሽቦ የሚያስር ሰው እኔው ሰፋሁት ሲለኝ ሳቄን የያዝኩት በመከራ ነው።» ትከሻዬን መታ አደረጉ። «ለሰው ልጅ ብሎ ሙያውን እንዲያ ሲያዋርድ አይቼ፣ ያን ሰው አቁሜ ልመልሰው? ቁጭ በሉ ያልኩት ለሱ ነው። ላንተ መስሎህ ነበር?»

አዎ፣ ለኔ መስሎኝ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ! እሳቸው እያወቁ፣ እኔ እሳቸውን እየፈራሁ፣ መሃል ላይ ጋሽ ጥላዬ ተሳቀባቸው።

እንግዲህ ተናዘዝኩ። እጅጌው የኔ ነው፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ በርጩማው ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ «ሌላስ» ተብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ጥላዬ ያላገኙት ብልሽት የለም፤ ያላሳየኋቸው ነው ያለ፤ ባሳየኋቸው ቀን ደግሞ ከጭድ ውስጥ ሆነው አገኙት። ሌላስ? ሌላ የለም ጋሼ።

አላመናችሁም? ሂዱ! ቄሱን ጠይቋቸው፣ እኔ እውነቱን እስክናገር ሲጠብቁ ነው የኖሩ። አማቴን ጠይቁ። ስንዱን ጠይቁ፤ የተሸለተችውን ሱፍ ሳጥኗ ውስጥ ጠቅልላ አስቀምጣታለች፣ ጭዱ አሁንም አለባት። የጋሽ ጥላዬን ኮት ጋራዡ ምስማር ላይ ታገኟታላችሁ፣ ሂዱና ሽቦዋን ቁጠሩ። ያን ቀን እዚያ ግቢ የነበረውን ሁሉ ጠይቁ! ሽመልስን ብቻ እንዳትጠይቁ። እሱ አልነበረም።